ከፈረሱ የወደቀው ሰው

ሰኞ
ዛሬም ሚስተር ዌንደል የደወለላቸውን ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት። ዴንቨር ያለ አንድ ሲኒማ ቤት ቅዳሜ የድሮ ፊልማቸውን አሳይቶ ሊያከብራቸው ይፈልጋል፤ እሳቸው ግን አሻፈረኝ ብለዋል። ሎውሪ ሰፈር ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው እኚህ ሽማግሌ በወጣትነታቸው ታዋቂ የካውቦይ ፊልም ተዋናይ ነበሩ። ስማቸው በገነነበት ሰዓት ሆሊውድን ጥለው ወጡ። ለምን ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም።

ማክሰኞ
ጺማቸውን ስላጫቸው ራሳቸው ነገሩኝ። ፊልሙ ላይ ከድልድይ ከነፈረሱ የሚወድቀው እሳቸው አይደሉም። ሬይ የሚባል ጓደኛቸው ነው፤ ልብሳቸውን ለብሶ በእሳቸው ፈንታ ይወድቅላቸው ነበር። ያን ቀን ፈረሱ ላዩ ላይ ወደቀ። ሬይ አልተነሳም።

«ሲሞት የተቀረጸውን ፊልሙ ውስጥ እንዳለ አስቀሩት» አሉኝ። «ሰው እዚያ ጋ ሲደርስ ያጨበጭባል። ለእኔ!»

ከዚያ በኋላ ፈረስ ላይ በወጡ ቁጥር ከኋላቸው የሚጋልብ ሰው ይሰማቸው ነበር። አሁንም ይሰማኛል አሉ። ምላጩን አስቀመጥኩት።

ሐሙስ
አንዲት ሴት ከኮሜርስ ሲቲ ደወለች። የሬይ ልጅ ነኝ አለች። ልትወርድባቸው መስሎኝ ነበር። ፈራ ተባ እያልኩ ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«አባቴ ሲሞት ሕፃን ነበርኩ» አለቻቸው። «ሲንቀሳቀስ ያየሁት እዚያ ፊልም ላይ ብቻ ነው። አብረን እንየው።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ «ሱፌን አውጪልኝ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ልባቸው ደካማ ነው።

ቅዳሜ
ሲኒማ ቤቱ ጋ መኪናውን ፓርክ ሳደርግ «እንመለስ» አሉ። ልጅቱ በር ላይ ቆማ ስትጠብቅ ሲያዩ ወረዱ። ልጅቱ እላለሁ እንጂ ፀጉሯ ሸብቷል።

ድልድዩ ሲመጣ እጄን ጨመቁኝ። ሰዉ ማጨብጨብ ሲጀምር ተነሥተው ቆሙ።

«እኔ አይደለሁም! ሬይ ነው!»

ጭብጨባው ቆመ። የሬይ ልጅ እንባዋ ይወርዳል፤ ዓይኗን ግን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

እሑድ
ሺፍቴ አይደለም፤ አላስችል ስላለኝ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሄድኩ። የሬይ ልጅም መጥታለች።

«የአባቴ ድምፅ ምን ይመስል ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ከንፈራቸውን ሰብስበው አፏጩ፤ ሬይ ፈረሱን የሚጠራው እንደዚያ ነበር። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ፉጨቱ ከእሳቸው አፍ የወጣ አልመሰለኝም።

«እንደገና» አለቻቸው።

ትንፋሽ እስኪያጥራቸው አፏጩላት። ይብቃዎት ልላቸው ፈለግኩ። አልቻልኩም።