አቧራው እንዳይነካ

ዓርብ፣ ጁን 6

ዛሬም አይስክሬም ቤቱ ደጃፍ። ዓርብ ነው፤ ሌላ የት ልሂድ?

ወንዶቹ ጡንቸኛ የድሮ መኪኖቻቸውን ደርድረው፣ ኮፈን ከፍተው፣ ከኋላ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተሰይመዋል። የሚነዳ የለም። ሲነዳ ጎማው ይቆሽሻል። በዓለም ፈጣኖቹ ናቸው አሉ... እኔ ሲፈጥኑ ያየኋቸው ተጎታች ላይ ተጭነው ሲያልፉ ብቻ ነው።

የአንዱ ሚስት ናዲን አሻንጉሊቶቿን አምጥታለች። የሕፃን ቁመት ያላቸው፣ ክንዳቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ፓራውልቱን ተደግፈው የሚያለቅሱ። በየመኪናው አንድ አንድ። ልማድ ነው። ለምን እንደሚያለቅሱ የሚያውቅ የለም። እኔ አውቃለሁ። አባታቸው ከጠዋት ጀምሮ ብረት ሲወለውል ውሎ ምሳ አላበላቸውም።

ባለቤቴ ዴልማር መኪና የለውም፤ ወንበር ግን አለው። አንዱ ተሳስቶ ሞተር ካስነሳ ቀኝ ጆሮውን ያዞራል። ግራው አምና ጡረታ ወጥቷል።

«ሰማሽው?» ይለኛል። «ባለ ስምንት ሲሊንደር።»

«ጉንፋን የያዛት ላም» እላለሁ።

ረቡዕ፣ ጁን 11

የጆሮ ሐኪሟ ጋ ሄድን። ቀኙም እየሄደ ነው። ነርቩ ነው የሞተው፤ መሣሪያም አይረዳውም። በረዶ ሳይጥል ያበቃል አለችኝ፣ ለብቻዬ።

መንገድ ላይ «ምን አለች?» አለ።

«ሰም ነው። የጆሮ ሰም።»

«አንቺ ስትዋሺ ድምፅሽ ይቀጥናል። እሱን ገና እሰማዋለሁ።»

ቅዳሜ፣ ጁን 14

የዴልማር ታላቅ ወንድም ሮይስ ጃንዋሪ ላይ ከሞተ ወዲህ የድርቆሽ ቤቱን የከፈተው አልነበረም። ዛሬ ከፈትነው። ከሸራና ከዶሮ ጎጆ ሥር... የሮይስ ፕሊመዝ መኪና። የሰባዎቹ መጀመሪያ ሥሪት። ቀለሟ ብርቱካን ነው ይባላል። እኔ ያየሁት አቧራና ኩስ ነው።

ዴልማር ቆሞ ቀረ።

«ወፍጮ ቤቱ ድልድይ ላይ ማርሽ ሲቀይር፣ እኛ ቤት ሳህኑ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናቴ እራት ታቀርባለች፤ ሮይስ መጣ ብላ። አንድ ጊዜ ብቻ ብሰማት...»

የመኪናዋ ቁልፍ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። አነሳሁ። መጥረጊያም አነሳሁ። ይኼኔ የናዲን ባል ክሊፎርድ ከተፍ አለ። የመኪና ማኅበሩ ሊቀ መንበር። ሊቀ ጳጳስ ብለውም ያንሰዋል።

«ቁሚ! እመቤት ሎርና፣ መጥረጊያውን አስቀምጪ!»

«ለምን?»

«ቀለም እንደገና ይቀባል፣ ወንበር እንደገና ይሰፋል። አቧራ ግን አንዴ ነው! ዘመን የጣለው ነው! ኦገስት ላይ ዳኛው ከኮሎምበስ ከተማ ይመጣል፣ ላልተነካ መኪና ዋንጫ ይሰጣል። ሞተር ካስነሳችኋት ትንቀጠቀጣለች። ከተንቀጠቀጠች ይራገፋል። ከተራገፈ...» ባርኔጣውን አወለቀ፣ እንደ ቀብር።

«የዶሮው ኩስስ?»

«እሱማ ዘውዷ ነው!»

ዴልማር ከእጄ ቁልፉን ወስዶ ኪሱ ከተተው።

ሰኞ፣ ጁን 23

ንግሥቲቱ ጋራዣችን ገብታለች። ዙሪያዋን ገመድ ተዘርግቷል። ማራገቢያ ክልክል። በር መወርወር ክልክል። ትናንት ማስነጠስ ሲመጣብኝ ግቢ ድረስ ሮጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ልጆች እላዬ ላይ ሲያስነጥሱ ኖረዋል፤ አንዳቸውም ይቅርታ አላሉኝም።

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። የእኛይቱስ ከኩሽናዬ ጎን ናት... ወተቷን ከልካዩ የገዛ ባለቤቷ።

ዓርብ፣ ጁላይ 4

ርችት። ዴልማር «ዘንድሮ ቀነሱት» አለ።

አልቀነሱትም።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 15

ተጣላን።

«አስነሳት፣ አንተ ሰውዬ!»

«ከኦገስት በኋላ።»

«ከኦገስት በኋላ በምንህ ልትሰማት ነው? በአፍንጫህ?»

ምነው ምላሴን በቆረጠው። እሱ ግን አልተቆጣም።

«ሮይስ በሕይወቱ አንድ ዋንጫ አላገኘም» አለ። «ስሙ አንድ ነገር ላይ ይጻፍለት።»

«ሞቷል እኮ፣ ዴል።»

«ለዚህ ነው እኮ።»

ይመዝገብልኝ። እኔ፣ ሎርና፣ ተሸንፌ ሳህን ላጥብ ገባሁ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 24

እሱ ከምሳ በኋላ ሲተኛ እኔ ገመዱን አልፋለሁ። ኮፈኑን እንደ ታቦት በሁለት እጄ አነሳለሁ። ቅንጣት አልወደቀም! የድሮውን ቤንዚን ቀዳሁ፤ ሙጫ ሆኗል። ካርቡራተሩን አጠብኩ። ካንዴላ፣ ባትሪ፣ ዘይት፣ ፍሬን፣ አዲስ ቤንዚን። ለምን እንደማደርገው እንጃ። እምቢ ብሏል። ግን ሐሳቡን ቢቀይርስ? የቀየረ ቀን ባትሪ የላትም ልንለው ነው?

ዛሬ መፍቻ ከእጄ አመለጠ። ሲሚንቶው ላይ ወድቆ መንደሩን አስደነገጠ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ሮጬ አየሁት። አልነቃም።

እንዲህ ያለው ዕድል ደስ አይልም።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 9

ይህን ሳልጽፍ አልተኛም።

የበቆሎ ማሳው ዳር፣ የትርኢቱ ሜዳ። መኪና በመኪና። ሰም የተቀባው ያብረቀርቃል፣ አሻንጉሊቶቹ ያለቅሳሉ። የእኛይቱ ከነኩሷ በክብር ከተጎታች ወረደች። ዴልማር ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ወረቀት ላይ «የሮይስ መኪና» ብሎ ጽፎ ፓራብሬዛው ሥር አስቀምጧል።

ከጎናችን ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ክሊፎርድ! ባለፈው ሳምንት «አክስቴ ጎተራ ውስጥ አገኘኋት» ያላትን መኪና ይዞ። አቧራዋ እንዴት ያምራል... ከዳር እስከ ዳር እኩል፣ ኬክ ላይ እንደተነፋ ስኳር።

ናዲን ጆሮዬ ሥር መጣች። «ከየጎረቤቱ የአቧራ መምጠጫ ማሽን ከረጢት ሲለምን ከረመ። የድመቴ ፀጉር ሳይቀር እላይዋ አለ። ነገረችኝ እንዳትይ።»

ዳኛው ነጭ ጓንት፣ የእጅ ባትሪ፣ አጉሊ መነጽር። የክሊፎርድ መኪና ላይ ጎንበስ አለና «እንዴት ያለ እርጋታ!» አለ። የእኛ ላይ ሲደርስ ራሱን ነቀነቀ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ። የእርስዎ አቧራ አላሳመነኝም። እዚህ ይሳሳል፣ እዚያ ይወፍራል። ኩሱም... ትንሽ ተጋኗል።»

ዋንጫው ለክሊፎርድ። ክሊፎርድ ዓይኑን አበሰ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ ከዕለቱ ሁሉ እሱ ብቻ እውነተኛ።

ዴልማር ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»

ልዋሽ ነበር። ድምፄ እንደሚቀጥን ትዝ አለኝ። «አቧራህ የውሸት ነው አለ!» ብዬ ጮህኩ።

አየኝ። መኪናዋን አየ። ከዚያ ሳቀ። ሮይስ ከሞተ ያልሳቀው ሰውዬ፣ ወንበሩ ከሥሩ እስኪታጠፍ ሳቀ። መሬት ላይ ተቀምጦ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

«ምን ዋጋ አለው» አለ። «ባትሪ የላትም።»

«አላት።»

«ካርቡራተሯ...»

«ታጥቧል።»

«ፍሬኗስ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ጭኜ ኖሬ ፍሬን እረሳለሁ?»

«መቼ ሠራሽው?»

«ስታንኮራፋ።»

ገባ። ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ አንዴ ሳለች። ደገመች። ከዚያ... ከዚያማ አጓራች! መሬቱ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። የዘመናት አቧራ ከነዘውዱ ወደ ሰማይ ወጣ፤ የወጣ ደግሞ ይወርዳል። በሰሙ ላይ፣ በተወለወለው ላይ፣ በነጩ ጓንት ላይ። «ጨርቅ! ጨርቅ አምጡ!» ይላል ክሊፎርድ፣ ዋንጫውን በሸሚዙ ሸፍኖ። አሻንጉሊቶቹ በመጨረሻ የሚያለቅሱበት ምክንያት አገኙ።

ከጎኑ ገባሁ። ወፍጮ ቤቱ ድልድይ ላይ ቀኝ ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዞረና ማርሽ ቀየረ።

ተመልሶ እንደገና ቀየረ። ደግሞ ተመልሶ... ቤንዚኑ እስኪያልቅ። ድልድዩ ላይ ቆመን ስናያት፣ ለካ ብርቱካን ናት።

እሑድ፣ ኦገስት 10

ክሊፎርድ ደውሎ ነበር፤ ካሣ ይላል። ዴልማር ስልኩን ግራ ጆሮው ላይ አድርጎ በትዕግሥት ጨረሰው።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

ቀኙም ሄደ። የዛሬ ሳምንት፣ ቁርስ ላይ። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ ደጋግሞ መታ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ሌላ አልተባለም። ማን ሰምቶ?

ዛሬ በረዶ ሊጥል ሲዳዳው «እንውጣ» አለኝ በእጁ። በብርቱካኗ ወጣን። ትታጠባለች አሁን፤ በየሳምንቱ እኔ ነኝ የማጥባት። ድልድዩ ላይ ማርሽ ቀየረ። መሪው በመዳፉ ይነግረዋል፣ ወንበሩም በጀርባው፤ ፊቱ ላይ አያለሁ። ግን አልበቃውም። ዳር ይዞ ቆመና አጠፋት።

«ምን አለች?» አለኝ።

ምን ልበለው? ወረቀት ላይ ልጻፍለት? ምን ብዬ? በጋውን ሁሉ ላም ስል ከርሜ፣ አሁን ቃል ስፈልግ ላሟ ብቻ ቀረችኝ።

መዳፉን ወስጄ ጉሮሮዬ ላይ አደረግኩት። አጓራሁ። ከታች ጀመርኩ፣ ወጣሁ፣ ማርሹ ጋ ቆረጥ አደረግኩና እንደገና ከፍ። የፖስታው ሰውዬ መኪናውን አቁሞ በመስኮት አየን። ሰላም አላልኩትም፤ ሥራ ላይ ነበርኩ።

ዴልማር ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከኮሎምበሱ ዳኛ በበለጠ ክብር አዳመጠ። መዳፉን አላነሳም።

«አንድ ካንዴላሽ አይሠራም» አለ። «ድገሚው።»

ደገምኩለት።