ከለቅሶ ድንኳን የማይነሱትን የቆጠሩት አቶ ብዙነህ ሆራ

የሰው ታሪክ ከልደቱ መጀመሩ ደንብ ነው። እኔ ግን የወንድሜን ከተሰደቡበት ቀን እጀምራለሁ። በ1978 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በማክሰኞው፣ እዚሁ ናዝሬት ሰፈራችን በእማማ ተሻለች የለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ የእድራችን ዳኛ አቶ አብተው ወልደአማኑኤል በሰው ሁሉ ፊት፣ «አንተ ብዙነህ፣ ሥራ ፈት ስትቆጥር ኖረህ ይኸው ራስህ ተቆጠርክ» አሏቸው። ሰው ሳቀ። እኔ ታናሽ ወንድማቸው ሰንበታ ከጎናቸው ተቀምጬ ነበር። አቶ አብተው ዛሬም እዚህ ቀብሩ ላይ ከመካከላችን ቆመዋል።

ይህን ጽሑፍ የተማረ ይጻፈው ተብሎ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻቸው ተነግሮ ነበር። የመጣ የለም። ስለዚህ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እኔ ጻፍኩት።

አቶ ብዙነህ ከአባታቸው ከአቶ ሆራ ጆቴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘርፉ አስፋው በ1934 ዓ.ም. በአርሲ ደራ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን በደራ፣ ሁለተኛ ደረጃን በናዝሬት ተከታትለው፣ በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኢኮኖሚክስ ተመረቁ። አባታችን አንዱን በሬ የሸጡት ለእሳቸው ትምህርት ነው፤ እኔ ከተረፈው በሬ ጋር ቀረሁ። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። በ1961 ዓ.ም. ከወ/ሮ አሰለፈች ሰብስቤ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አማረችንና ዘውድነሽን ወልደዋል።

ሥራቸውን ብዙ ሰው አያውቀውም ነበር። ስንቱ ሰው ሥራ እንዳለው፣ ስንቱ እንዳጣ፣ በየትኛው ወቅት እንደሚያገኝ በቁጥር ያጠኑ ነበር። በ1975 ዓ.ም. የናዝሬትና የአካባቢውን ሥራ አጥ እንዲያጠኑ ታዘዙ። ጠያቂዎቹ ከቀበሌ ጥበቃ ጋር ቤት ለቤት ዞሩ። ያን ጊዜ ሥራ ፈት የተባለ ወጣት በመኪና ተጭኖ ወደ መንግሥት እርሻ ይወሰድ ስለነበር፣ የተጠየቀው ሁሉ ሥራ አለኝ አለ። ሲደመር በከተማው ሥራ ያጣ ሰው የለም ማለት ሆነ። አለቃቸው ደስ አላቸው። ወንድሜ ግን፣ «ይህ የፍርሃት ቁጥር እንጂ የሥራ ቁጥር አይደለም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው የለቅሶ ቤት ነገር የመጣላቸው። ደመወዝተኛ ሰው በጠዋት ደርሶ ይሄዳል፣ ወይ ማታ ይመጣል። ረፋድ ላይ ከድንኳኑ የማይነሳው፣ ካርታ የሚጫወተው ጎረምሳ ግን ሥራ ቢኖረው እዚያ አይውልም። ወንድሜ በናዝሬት፣ በደራና በአቦምሳ ለቅሶ እየደረሱ፣ ስም ሳይጠይቁ፣ ቁጥሩን ብቻ ይይዙ ነበር። የጥጥ ለቀማ ሲደርስ ድንኳኑ ይሳሳል፤ ለቀማው ሲያልቅ ይሞላል። ይህንኑ አስልተው በግራፍ አቀረቡ።

በ1977 ዓ.ም. አለቃቸው፣ ይህን ያህል ሰው ከየት መጣ፣ የየትኛው እድር ድንኳን ነው፣ ሄደን እንያቸው አሉ። ቢናገሩ ጥናታቸውም እንጀራቸውም ይተርፍ ነበር። ወንድሜ፣ «ሰዎቹ የመጡት ለለቅሶ ነው። እኔ ከለቅሶ ቤት ሰው አላስይዝም» አሉ። ከሥራ ተባረሩ። ጥናቱም የትም አልደረሰም። ወ/ሮ አሰለፈች ጉሊት ተቀምጠው ቤቱን አቆሙ። ወንድሜ ለምን እንደተባረሩ ለጎረቤት እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር፤ መሐላው እስከ ሞታቸው ነበር።

ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ኅዳር 9 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውንና ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ትተውልናል፤ እኔም አለሁ። ሰው የረሳውን የማይረሳ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያስቀምጥልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

ያቺን ማክሰኞ ግን ሳልጨርስ አልቀመጥም። የአቶ አብተው የበኩር ልጅ እዚያው ድንኳን ጥግ ካርታ ይዞ ነበር። ወንድሜ እንጀራቸውን ከከፈሉላቸው ልጆች አንዱ እሱ ነው። ዛሬ ሾፌር ሆኗል፣ ተመስገን። በዚያ ቀን ወንድሜ አንድ ቃል ቢናገሩ ሳቁ ዞሮ ወደ አቶ አብተው ይሄድ ነበር። እኔ ክንዳቸውን ይዤ፣ «ጋሼ፣ ይንገሯቸው እንጂ» አልኩ። ልጁን አዩት፤ አቀርቅሯል። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ለሐዘንተኞቹ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ወጡ።