ላንተ ያወረድኩት ሙሾ

የብርቄ አባት፣

ይድረስህ አልልም፤ ያለህበትን አላውቅምና። ከተለየኸኝ በዚህ ጥር ዘጠኝ ዓመት ሞላህ። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። አዎ፣ በስተርጅና ፊደል ቆጥሬያለሁ። አንተ ሳለህ የመጣልንን ወረቀት ሁሉ ሰው እየለመንን ነበር የምናስነብበው።

ቤቱ ቆርቆሮ ሆኗል። ያሠራችው ልጃችን ናት። ዝናብ ሲመጣ ይጮኻል እንጂ ሌላ የምልህ የለኝም። በጎቹን ሸጥኳቸው። መሸመኛህ እንደተተከለ አለ፤ ዶሮዎች ይሰፍሩበታል።

ብርቄ ዘፋኝ ሆናለች። አንተ በሞትክ በዓመቱ ደብረ ብርሃን እማራለሁ ብላ ሄደች፤ ከዚያ አዲስ አበባ መጠጥ ቤት ውስጥ እንደምትዘፍን ከሰው ሰማሁ። ሦስት ዓመት የሌላ ሰው ዘፈን ስትዘፍን ማንም አላወቃትም። ኋላ የራሷን ካሴት አወጣች፤ ከውስጡ አንዱ ዘፈን አገር አዳረሰ። በሬዲዮ ሳምንት በሳምንት አንደኛ ይሉታል። ሞላሌ ገበያ ብትወጣ ሻይ ቤቱም፣ ካሴት ሻጩም፣ አውቶቡሱም እሱኑ ነው። ሰርግ ያለ እሱ አይደምቅም። ፎቶዋን ግድግዳቸው ላይ የለጠፉ አሉ።

ዘፈኑ ምን መሰለህ? ላንተ ያወረድኩት ሙሾ ነው።

አንተማ አልሰማኸውም። የበጎቹን ጠጉር እኔ ፈትዬልህ ለብርድ እንድደርበው የጀመርክልኝ ጥቁር ባና መሸመኛው ላይ እንዳለ ነበር የሄድከው። የቀብርህ ዕለት እንዲህ አልኩ፦

ባናውን ጀምሮ ጫፉን ሳይቋጭልኝ፣
ብርዱን ለኔ ትቶ ሙቀቱ ሄደብኝ።

ብርቄ አጠገቤ ቆማ ደረቷን እየደቃች ትቀበለኝ ነበር። ያን ቀን ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። አሁን ከበሮና ኪቦርድ ገብቶበት ትከሻ ይመታበታል።

አምና አብሮህ ይሸምን የነበረው በላይነህ ሞተ። እንደ ልማዴ ሙሾ እንዳወርድ ከመሃል አስገቡኝ። እሱም ባና ሠሪ ስለነበር አፌ ላይ የመጣው ያው ያንተው ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ሳልጨርስ ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። አንዲት ልጃገረድ ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አየሁ። ቄሱም ቀና ብለው፣ «ምነው እመት ዘነበች፣ በሬሳ ላይ የልጅዎን ዘፈን?» አሉኝ።

የልጅዎን ዘፈን አሉኝ። ከመሃል ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አላወረድኩም። ለራሴም እንባ አይመጣልኝም። ቤት ስገባ እቀመጣለሁ፤ ሲመሽ እተኛለሁ፤ ይኸው ነው።

የጎልማሶች ትምህርት የገባሁት በዚያው ሰሞን ነው። አብረውኝ የሚማሩት ሴቶች መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ነው የመጣሽው ይሉኛል። እኔ የፈለግሁት ካሴቱ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ማንበብ ነበር፤ ከዚያ ዘፈን ሥር ምን እንደተጻፈ ለማወቅ። ግማሽ ዓመት ፈጀብኝ። አንድ በአንድ እየለቀምኩ አነበብኩት። «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ይላል።

ለፋሲካ ስትመጣ ጠየቅኋት። «እማ፣ ሙሾ መሆኑ ከታወቀ ማን ይጨፍርበታል?» አለችኝ። ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም እኮ አባቴን የማለቅሰው እሱን ስዘፍን ነው» አለች። ላምናት ፈለግሁ፤ አልሆነልኝም። ምሳ አቀረብኩላት። በላች፤ ሄደች።

ባናውን ከመሸመኛው ቆርጬ አውርጄዋለሁ። እሱኑ ነው የምለብሰው። ጫፉ እንደተበተነ ነው። ጎረቤቶች እንቋጭልሽ ይሉኛል፤ እምቢ ብያለሁ። የቀረው የአንተ ሥራ ነው።

ትናንት ያችን ወረቀት አወጣሁና «የሕዝብ» ከሚለው ሥር በእርሳስ «የደምሴ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉ ተጣሟል፤ «ሴ»ዋ ልትወድቅ ትመስላለች። በየሰው ቤት ያለውን ካሴት ሁሉ ዞሬ ማረም አልችልም። ይህቺ ወረቀት ግን እኔው ዘንድ ናት። እርሳሱ በደበዘዘ ቁጥር ስምህን እደግምበታለሁ።

ሚስትህ ዘነበች