በልኩ ውስጥ ስለሰነበቱት የእህቴ ኩላሊቶች

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። አንጀትዎ የረጋ፣ ኩላሊቶችዎም ብርቱ ይሁኑልዎ። በተለይ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዳያምዎት አጥብቄ እመኛለሁ፤ አንጀት ሁለተኛ ፎቅ፣ ኩላሊት አራተኛ ፎቅ ነውና፣ በመካከል ባለው ደረጃ ላይም ወረቀት ይዞ የወጣ ሠራተኛ እስካሁን አላየንም።

በመቀጠል አንድ ከባድ ጉዳይ በይፋ አስታውቃለሁ። ክዳኗ ቢጫ የሆነች አንዲት የፕላስቲክ የሽንት ዕቃ፣ ከላቦራቶሪዎ መስኮት ሦስት ጊዜ ደርሳ ሦስት ጊዜ ማዘዣ የላትም ተብላ በመመለሷ፣ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ በእህቴ ስፌት ቤት የሸሚዝ ቁልፎች ማስቀመጫ ሆና ተመድባለች። ለሹመቷ እንኳን ደስ ያለዎት።

ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ካለባት ስምንት ዓመት ሆኗታል፣ አንጀቷንም ሁለተኛ ፎቅ በሚገባ ይዞላታል፤ ይህን ብክድ ግፍ ይሆንብኛል። ነገር ግን ይህ ሕመምም ሆነ የምትውጠው ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ ኩላሊትን ድምፅ ሳያሰማ ሊጎዳ እንደሚችል፣ ስለዚህም ሽንቷና ደሟ በየጊዜው መታየት እንዳለበት፣ በኪኒኑ ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚመጣው ወረቀት ይናገራል። ሐኪሞችዎ ለማንበብ ጊዜ እንደሌላቸው እናውቃለን። እኛ ግን የእነሱን ወረፋ ስንጠብቅ ሁለት ጊዜ ደጋግመን አነበብነው። ለዚህ ዕድልም አመሰግናለሁ።

አቤቱታዎቼ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ሁለተኛ ፎቅ ሽንት የኩላሊት ክፍል ጉዳይ ነው ይላል። አራተኛ ፎቅ ደግሞ የሚቀበለው ኩላሊቱ የታመመ ሰው ብቻ ነው። እዚያ ያለችው ነርስ በፍጹም ትሕትና፣ የኔ እህት፣ አሁን ደኅና ነሽ፣ ሲያምሽ ነይ ብላ መለሰቻት። መታመሙ በምን ይታወቃል ብላ ብትጠይቅ፣ በሽንት ምርመራ ተባለች። አመድ ይዛችሁ ካልመጣችሁ አልነሳም የሚል የእሳት አደጋ መከላከያ ቢኖር፣ ከእርስዎ ቤት እንደተማረ አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፣ ካርድ ክፍልዎ የአምናውን ካርድ አግኝቶ አያውቅም፤ በየዓመቱ አዲስ ያወጣል። በዚህም ምክንያት እህቴ ባለፉት አራት ዓመታት አራት ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች ታካሚ ሆናለች። በአራቱ ካርዶች ላይ የተጻፈው የደሟ ክሬቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ቆሻሻ፣ በየዓመቱ ቅደም ተከተል ዜሮ ነጥብ ስድስት፣ ዜሮ ነጥብ ሰባት፣ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ፣ አንድ ነጥብ አንድ ነው። ልኩ እስከ አንድ ነጥብ አንድ ስለሆነ፣ አራት ሐኪሞች አራት ጊዜ ኖርማል ብለው ፈርመዋል። ይህን የሰማች እህቴ አልተቆጣችም። መለኪያ ቴፗን ወገቤ ላይ ጠምጥማ፣ ጋሼ፣ ቴፔ እስከ መቶ ሃምሳ ስለሚቆጥር አንተም እስከ መቶ ሃምሳ ድረስ አልወፈርክም አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ እሷ ስፌቷን አቆመችና ስንት ዓመት ቀረኝ ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ለክቡርነትዎ ትቼዋለሁ።

ሦስተኛ፣ አራቱን ወረቀት በአንድ ካርቶን ላይ ጎን ለጎን ለጥፈን ቢሮዎ ድረስ አመጣን። ጸሐፊዎ የካርድ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ካመሳከረ በኋላ፣ የአራት ሰው ጉዳይ በአንድ ጊዜ አይቀርብም ብሎ መለሰን። አራቱም ሰዎች፣ ማለትም እህቴ፣ እፊቱ ቆማ ነበር። በመሆኑም በዚህ ሆስፒታል ውስጥ አራቱን ቁጥር አንድ ላይ ያየ ማንም የለም።

አራተኛ፣ ብዙ ለምነን ከአሥራ አንድ ወር በኋላ የሚውል የኩላሊት ክፍል ቀጠሮ ተሰጥቶናል። እስከዚያ የክፍሉን መስፈርት እንደምታሟላ ተስፋ ተደርጓል መሰለኝ።

የምንለምነው አዲስ ሕንፃ አይደለም። አንድ የሽንት ማዘዣ፣ የዘንድሮውንም ቁጥር ከአምናው ጋር የሚያስተያይ አንድ ሰው ነው። ጉዳቱ ገና ጅምር ከሆነ ኪኒኑን መቀየር ብቻ ሊበቃ ይችላል ይላል ያው የኪኒኑ ወረቀት፤ ከእኛ ጋር እስካሁን በግልጽ የተነጋገረው እሱ ብቻ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና በሕይወት ዘመንዎ ሁሉ አንድ ካርድ ብቻ እየተመኘሁ፣ በቴፕ የተለካ ወገቤን በአክብሮት አጥፌ እሰናበታለሁ፤

የአራቱም ታካሚዎችዎ ታላቅ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ የሸሚዝ ቁልፎቹ ወደ ሻይ ስኒ ተዛውረዋል። ዕቃዋ ታጥባ ሰኞ ጠዋት ከባለቤቷ ጋር መስኮቱ ላይ ትገኛለች፤ ለአራተኛ ጊዜ።

እርማት፦ ከላይ በሦስተኛው አቤቱታ፣ አራቱን ቁጥር አንድ ላይ ያየ ማንም የለም መባሉ ስህተት ነው። ከቢሮዎ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሳለ የፎቁ የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ተደግፋ ካርቶኑን ካየች በኋላ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር እኮ በየዓመቱ እየወጣ ነው፣ ለሐኪም አሳይተሻል ወይ ብላለች። የጽዳት ክፍሉን ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር በመደመራችን ይቅርታ እንጠይቃለን።