ስክሪኑ ከመብራቱ በፊት

ሰኞ፣ ጥር 6
ቤተ መጻሕፍቱ ያው ነው። አታሚው ወረቀት በላ። አንዱ አንባቢ የይለፍ ቃሉን ረስቶ እኔ ላይ ተቆጣ። ከሰዓት አለቃዬ ጠሩኝ፤ በሌሉበት "ቀስ በይ" የምንላቸው፣ ሌላ ቃል የማያውቁ ይመስል። በኮምፒውተሮቹ አነሳስ ላይ ክፍተት ተገኝቷል፣ አርባዎቹንም አንቺ ታስተካክያለሽ አሉኝ። ገና ሲበራ በፍላሽ ሾልኮ የገባ ሰው ውስጥ ያለውን ሁሉ ማንበብ ይችላል።
እሺ አልኩ። እንዴት እንደሚገባ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?

ማክሰኞ፣ ጥር 7
ቀኑን ሙሉ ሳነብ ዋልኩ። አሥራ አንድ ዓመት ኮምፒውተር ሳበራ ኖሬ ይህን አለማወቄ! ማብሪያው ሲነካ መጀመሪያ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ትነቃለች። የቀጣዩን ፕሮግራም ፊርማ አይታ ታስነሳዋለች። እሱም የቀጣዩን… ስክሪኑ እስኪበራ ስንቱ ተፈትሾ ያልፋል። በሦስት ሰከንድ! አፌን ከፍቼ ቀረሁ።
"የመጀመሪያዋንስ ማን ይፈትሻታል?" አልኳቸው አለቃዬን።
"ማንም። እሷን ማመን ነው።"

ሐሙስ፣ ጥር 9
ጉድ ሠራሁ። ሥራው ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ አዲሱን የማስነሻ ፕሮግራም መጫን፣ ከዚያ ክፍተት ያለበትን አሮጌውን ኮምፒውተሩ ከሚያምናቸው ዝርዝር መሰረዝ። ቸኩዬ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። በሩ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር ይህን ፊርማ አላውቅም ብሎ ቀጥ አለ። ሁለት ሰዓት ለፋሁ። አለቃዬ ከጎኔ ቆመው "ቀስ በይ" ሲሉ ዛሬ አላሳቀኝም።
በመጨረሻ ተነሳ። ግን ገረመኝ… እኔን፣ የምጠግነውን፣ አላስገባም ማለቱ። ልክ ነበር እኮ።

ቅዳሜ፣ ጥር 11
ወንድምጋሼ ጋ ዋልኩ። ከታመመ አራት ዓመቱ። ከዓይኑ በቀር የሚታዘዝለት የለም። በዓይኑ ፊደል ይመርጣል፣ ኮምፒውተሩ ጮክ ብሎ ያነብለታል። አፉ ማለት እሱ ነው። ስለ ክፍተቱ ነገርኩት።
"የእኔስ?" አለ።
ያንተም አለበት አልኩት። ሲስተካከል አርባ ደቂቃ መናገር እንደማይችል፣ ከተበላሸብኝ ደግሞ ለቀናት ሊሆን እንደሚችል አልደበቅኩትም።
ዓይኑ ፊደሎቹ ላይ ትንሽ ዞረ። "ሚስቴ አርባ ደቂቃ ትረፍ።"
ሚስቱ ከጓዳ ሰምታ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

እሑድ፣ ጥር 12
ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።
ካቻምና ነው። ሐኪሙ "ተስፋ ሳይቆርጥ አልቀረም" ባለን ማግስት፣ እሱ ተኝቶ ሳለ፣ ኮምፒውተሩን በፍላሽ አስነስቼ የጻፈውን አነበብኩ። ለሚስቱ የጻፈው ነበር። ደክሞኛል ይላል። ነገ ባልነቃ ይላል።
ስለፈራሁለት ነው… ቢሆንስ? ሰው አፍ ውስጥ በሌባ መንገድ ገብቻለሁ። አሁን ቀዳዳውን ዘግቼ ዝም ብል ማን ያውቃል?

ሐሙስ፣ ጥር 16
ሠላሳ አንድ አለቀ፣ ዘጠኝ ቀረ። እንቅልፍ የለም።

ቅዳሜ፣ ጥር 18
አርባዎቹ ትናንት አለቁ። ዛሬ የእሱ።
ከመጀመሬ በፊት ነገርኩት። ዓይኑን ማየት አቅቶኝ ወለል ወለሉን እያየሁ። አንብቤዋለሁ፣ ይቅር በለኝ አልኩ። ፊደል በመረጠ ቁጥር ኮምፒውተሩ ጠቅ ይላል። ጠቅ… ጠቅ… እንዲህ ረዝሞብኝ አያውቅም።
"አውቃለሁ። በማግስቱ የኮምፒውተሩ ሰዓት ተዛብቶ አገኘሁት። ፍላሽ የምትይዝ አንቺ ብቻ ነሽ።"
ለምን ዝም አልክ ታዲያ?
"ከዚያ ወዲህ አንድም ቅዳሜ ቀርተሽ አታውቂም።"
አለቀስኩ። ከዚያ ቀስ በይ አልኩ ለራሴ። አዲሱን ጫንኩ። ጠፋ፣ ተነሳ። አሮጌውን ሰረዝኩ። ጠፋ… ሚስቱ ትከሻዬን ይዛለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በዚያ ጨለማ ስክሪን ውስጥ አንዱ ሌላውን እየፈተሸ እያሳለፈ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ትንፋሼን ያዝኩ። በራ።
ዓይኑ ሄደ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።
"ነቃሁ" አለ።
እኔ እንጃ፣ ከዚህ የበለጠ ተአምር አላየሁም።

እሑድ፣ ጥር 19
በወንድምጋሼ ኮምፒውተር ላይ የቀረው ማስነሻውን የሚቆልፈው የይለፍ ቁጥር ነበር። ያንን ያወቀ ሰው የዘጋሁትን ሁሉ መክፈት ይችላል። ኮምፒውተሩ ሳይነሳ ስለሚጻፍ ደግሞ ዓይኑ አይሠራበትም፣ የሰው እጅ ይፈልጋል። ቁጥሩን መርጠህ ለሚስትህ ንገራት፣ እኔ ልውጣ አልኩና ቦርሳዬን አነሳሁ።
ሚስቱ ኮምፒውተሩ ሳይገዛ በፊት የምንጠቀምበትን የቁጥርና የፊደል ካርቶን አመጣች። እሱ ካርቶኑን አላየም። እኔን አየ፣ ከዚያ አጠገቡ ያለውን ወንበር፣ ከዚያ እኔን።
"አንቺን ነው" አለችኝ። ካርቶኑን ሰጥታኝ በሩን ዘግታ ወጣች።
ተቀመጥኩ። ጣቴን በየቁጥሩ ላይ አስኬድኩ፤ የፈለገው ላይ ስደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። አሥር ቁጥር።
እዚህም አልጽፈውም።