የሚኒስትሩ ጠባሳ

እኔ የኢሸር ሲንግ ልጅ ባቺታር ሲንግ፣ የኮት ማሃን መንደር ገበሬ፣ አምስት ጊዜ የፑንጃብ ምክር ቤት አባል፣ አንድ ጊዜም የመስኖ ሚኒስትር የነበርሁ፣ ዛሬ ሐሙስ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ሜይ 13 ቀን 1999፣ በሰባ አራት ዓመቴ፣ በገዛ ቤቴ አልጋ ላይ ሆኜ ይህን ቃል እሰጣለሁ። ሐኪሙ ኩላሊቶቼ ሥራ ማቆማቸውን ነግሮኛል። አእምሮዬ ግን ሙሉ ነው። ልጄ ፓርዱማን ነገሩ በተገላቢጦሽ ቢሆን ይመርጥ እንደነበር አውቃለሁ። ቃሌን የሚጽፈው የፍርድ ቤቱ ማመልከቻ ጸሐፊ ዴቭ ራጅ ነው፤ ከእርሱ ጋር የጸሎት ቤታችን አንባቢ ጊያኒ ማስታን ሲንግ በምስክርነት ተቀምጠዋል። በዚህ ክፍል የሚነገረው ሁሉ፣ ቁጣም ቢሆን፣ እንዳለ እንዲጻፍ አዝዣለሁ።

ስለ ሥጋዬ፦ ሬሳዬ ተቃጥሎ አመዴ በወራጅ ውኃ ይበተን። ድምፅ ማጉያ አይተከል። በሕይወቴ አራት ፓርቲ ቀያይሬአለሁ፤ የአራቱም ሹማምንት «የእኛ ሰው ነበር» ሊሉ በነጭ መኪና መምጣታቸው አይቀርም። ምስር ወጥና ቂጣ አብሏቸውና ሸኟቸው፤ ከጠገቡ በኋላ የመጡበትን ጉዳይ ይረሱታል። አንዳቸውም ባንዲራ እንዳያለብሱኝ።

ቤቱና የወተት ጎሾቹ ለባለቤቴ ለቻንድ ካውር ይሁኑ። ጠዋት «ወንድሜ» ብዬ ያስገባሁትን ሰው ከሰዓት በኋላ «ሌባ» ስለው፣ እርሷ ያንኑ ሻይ ስታቀርብ አርባ ዓመት ኖራለች። አንድ ቀን ብቻ፣ «ለዚህኛው ስኳር ላድርግለት ወይስ ዛሬ ጠላት ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። ከምክር ቤቱ ሁሉ ይልቅ የሥራዬን ልክ ያወቀች እርሷ ነበረች።

ከእርሻዬ እኩሌታው ለሴት ልጄ ለሱክዋንት ካውር ነው። ለምርጫ ልቅረብ ስትለኝ «መንደሩ ሴት አይመርጥም» አልኋት። ዋሽቻት ነው። እንደምታሸንፍ አውቄ ፈራሁ፤ እርሷ ቃሏን ብትጠብቅ የእኔ ነገር ምን ሊባል ነው?

ቀሪው እኩሌታ፣ መኪናው፣ በሣጥን ያሉት የአራት ፓርቲ ቀለም ጥምጥሞችም ለወንድ ልጄ ለፓርዱማን ሲንግ ይሁኑ። የምክር ቤት ወንበሬን ግን አላወርሰውም። በዚህ ቦታ ልጄ ተናገረ፦

«ባፑጂ፣ ፓርቲው እኮ ያጨኝ በእርስዎ ስም ነው። አንድ መስመር ብቻ ያጽፉልኝ፤ ‹ልጄ ትግሌን ይቀጥላል› ይበሉ።»

«የትኛውን ትግል?»

«ያንን ደምዎን ያፈሰሱበትን ነዋ።»

ልጄ በየግድግዳው በለጠፈው ሥዕሌ ላይ የግንባሬን ጠባሳ በቀይ አድምቆታል። ስለዚህ ስለ ጠባሳው እናገራለሁ።

በፈረንጆች 1960 ቋንቋችን የሚነገርበት ክፍለ ሀገር ይከለልልን ብለን ስንነሣ፣ እኔና አብሮ አደጌ አናጢው ቲሎክ ሲንግ ወደ ከተማ ሄድን። እየዘመርን ልንታሰር ተማምለን ነበር። ፖሊሶች ዱላ ይዘው ሲመጡ እኔ ሸሸሁ። ሸንኮራ እርሻ ውስጥ ገባሁ፣ በመስኖ ቦይ ወደቅሁ፣ የተቆረጠ አገዳ ግንባሬን ቀደደው። ቲሎክ ከቆመበት አልተነቃነቀም። እግሩን ሰበሩት፤ ዘጠኝ ወር ታሰረ።

እርሱ በእስር ሳለ ትግሉን የሚመራው ፓርቲ ሰዎች የግንባሬን ፋሻ አይተው «ዱላ ነው?» አሉኝ። «አዎ» አልሁ። ሌላ አልጠየቁኝም። ባለመሬት ነበርሁ፤ የቆሰለ ባለመሬት ደግሞ ለዕጩነት ሲፈልጉ የሰነበቱት ዕቃ ነው። ቲሎክ ሲፈታ እያነከሰ ወደ ቤቴ መጣ።

«ባቺታር፣ ዱላው አንተንም አገኘህ አሉ።»

«ከምርጫው በኋላ እውነቱን እናገራለሁ» አልሁት።

«እሺ፣ ከምርጫው በኋላ» አለና ሄደ።

ስምንት ምርጫ አለፈ። አምስቱን አሸነፍሁ፤ ሦስቱን ለእኔው ቢጤዎች ተሸነፍሁ። ቲሎክ አልጋና በር እየሠራ ኖረ። አምና ሲሞት ሬሳው በሚቃጠልበት ቦታ «ታማኝ ተከታዬ» ብዬ አወደስሁት። ያንን ንግግር ራሴው ነበርሁ የጻፍሁት፤ ጸሐፊዬ እንኳ ለማንበብ አፍሮ ነበር።

ስለዚህ ክፍለ ሀገሩ ለታጋይነት የሸለመኝ የመዳብ ሰሌዳና በቦዩ ዳር ያለው የማንጎ እርሻ ለቲሎክ ሚስት ለኒሃል ካውር ይሰጥ። ይህ ቃልም ከሞትሁ በኋላ በጸሎት ቤት በሕዝብ ፊት ይነበብ።

እርሷንም አስጠርቻት ደጃፉ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። እንዲህ አለች፦

«መዳቡን ለልጅዎ ይስጡት፣ ሥዕሉ ላይ ይለጥፈው። ማንጎም አልፈልግም። ባሌ ከእስር በወጣ ማግስት ነግሮኛል፤ ‹ራሱ ይናገራል፣ አንቺ ዝም በይ› ብሎኝ ሠላሳ ስምንት ዓመት ዝም አልሁ። ሞተው ሊናገሩ ነው? ያኔ ሸንኮራ ውስጥ ገቡ፣ አሁን ደግሞ የሬሳ እሳት ውስጥ ሊገቡ ነው።»

ፓርዱማን «ይቺን ሴትዮ አስወጧት» አለ። ማንም አልተነሣም። እርሱ ራሱ ወጣ።

ዴቭ ራጅ፣ «ከሞትሁ በኋላ» የሚለውን ሰርዝ። «በመጪው እሑድ፣ እኔው ራሴ» ብለህ ጻፍ። ማንጎው በስሟ እንዳለ ይቆይ፤ ባትፈልገው ወፍ ይብላው።

ተናዛዥ፦ ባቺታር ሲንግ፣ በፊርማ።
ጸሐፊና ምስክር፦ ዴቭ ራጅ፣ በፊርማ።
ምስክር፦ ጊያኒ ማስታን ሲንግ፣ በፊርማ።
ፓርዱማን ሲንግ፦ አልተገኘም።

የምስክር ማስታወሻ፦ እሑድ ሜይ 16 ቀን ሳርዳር ባቺታር ሲንግ ሰዎች በአልጋ ተሸክመዋቸው ወደ ጸሎት ቤቱ መጡ። ወረቀቱን ይዘው አነበቡ። «እኔ ሸሸሁ» ከሚለው ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ። ኒሃል ካውር ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ፣ «ጮክ ብለው እንጂ ሳርዳርጂ፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች። ደግመው አነበቡት። ጊያኒ ማስታን ሲንግ።