ሱፍ ነው ብዬ ያጠጣሁዎት ወተት

አባዬ፣ እልኸኛው አባቴ፣

ከተለዩኝ ድፍን ሁለት ዓመት ሆነ። እንዴት ሰነበቱ ልል ነበር፤ ተቆጥቻለሁና ከአፌ አልወጣ አለኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርዎት። አብዮት መጥቶ መሬት ላራሹ ሆነ። ዕድሜዎን ሙሉ ለሰው ያረሱት ማሳ በስሜ ተጻፈ፤ ዘንድሮ ገብሱም ያዘ። ምን ያደርጋል? በሬዎቹ ካለቁ፣ እርስዎም ከሄዱ በኋላ ነው ዝናቡ የወረደው።

እርስዎን የጣለዎት ያ በሽታ ምን እንደነበር ዛሬም የነገረኝ የለም። አንዱ ተስቦ ነው ይላል፣ ሌላው መጋኛ። ከወረዳ የመጣው ጸሐፊ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ከአጥር ውጭ ቆመና፣ ረሃብ የሚባል ነገር የለም ብሎ ወደ መካነ ሰላም ተመለሰ። እኔ ግን እርስዎን አቅፌ ሳነሳ ክብደትዎ የት እንደሄደ አውቅ ነበር።

ሁዳዴ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ከቀረቻት አንዲት ፍየል ያለበችውን ወተት፣ አላህ ያሽርልሽ ብላ ሰጠችኝ። በጾም እንደማይቀምሱት አውቃለሁ። የንስሐ አባትዎ እንዲፈቅዱልዎት ልለምናቸው ሄድኩ፤ በሽታውን ፈርተው በር አልከፈቱልኝም። እናም ዋሸሁዎት። ወተቱን በውሃ አቀጥኜ፣ አክስቴ ከአጅባር የላከችው ሱፍ ነው፣ የጾም ነው አልኩዎት። ሁለቱም ነጭ ነው፤ አፍዎም መሮ ጣዕም አይለይም ነበር። ሦስት ቀን ጠጡ። በሦስተኛው ቀን ያለ ደጋፊ ተቀምጠው መረቁኝ።

በአራተኛው ቀን የጣሳው ጠርዝ ላይ የወተቱን ቅባት አዩት። ጣሳውን መሬት አስቀምጠው ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ እንኳ ከእጄ አልተቀበሉም። ለምን አባዬ? ጾሙን ፈሩ፤ እኔን ብቻዬን ጥሎ መሄድስ አያስፈራም ነበር? በቀብርዎ ቀን የንስሐ አባትዎ መጥተው፣ ለታመመ ሰው እኮ ይፈቀድ ነበር አሉ። ሰው ሁሉ እየሰማ ጮህኩባቸው። ጎትተው አስቀመጡኝ። አላፈርኩም።

አሁን እኚሁ ቄስ ያንን ውሸት ተናዘዢ ይሉኛል። አልናዘዝም። እስክሞት አስታውስዎታለሁ፣ እየተናደድኩም ቢሆን። እዚያ ስንገናኝ እንደፈለጉ ይቆጡኝ። ሦስት ቀን አባት ነበረኝ፤ በዚያ ንስሐ አልገባም።

ልጅዎ አስካለ